እህቴ መጋረጃዋን ያወረደችበት ሳምንት

ታናሽ እህቴ መጋረጃ ሰፊ ናት። ሰፈሩ እውነተኛ ስሟን ከተወ ቆይቷል፤ «መጋረጃ» ነው የሚላት፤ እሷም አቤት ትላለች። አንገቷ ላይ ሜትር ሳይንጠለጠል ያየኋት በሠርጓ ቀን ብቻ ነው። ያን ቀንም ቢሆን የአዳራሹን መስኮት ቀና ብላ አይታ «ሽንሽኑ ሳስቷል» ስትል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ሰው ቤት ስትገባ አስቀድማ የምታየው የባለቤቱን ፊት ሳይሆን መስኮቱን ነው። መጋረጃው ወለል ካልደረሰ ስለ ሰውየው ያላት አስተያየት እዚያው ያልቃል።

የራሷ ቤት ለደንበኞቿ ማሳያ ነበር። የሳሎኗ መስኮት ያን ያህል ሰፊ አይደለም፤ መጋረጃው ግን ግድግዳውን ከዳር እስከ ዳር ይሸፍናል። ከውስጥ ስስ ነጭ፣ በላዩ ወፍራም ወይን ጠጅ ከፋይ፣ ከከፋዩ በላይ ደግሞ ዘርፍ የተንጠለጠለበት ጌጥ። ወለሉ ላይ ምንጣፍ አለ፤ ምንጣፉ ላይ ሌላ ምንጣፍ አለ። ሶፋው ልብስ ለብሷል፣ ቴሌቪዥኑ ልብስ ለብሷል፣ የውሃው ጀሪካን ሳይቀር ቀሚስ አለው። እኔ በዚያው ግቢ ከጓሮ ባለችው ክፍል ስለምኖር ብዙ ጊዜ አብሬያት እቀመጣለሁ፤ ሳልንቀሳቀስ ከቆየሁ እኔንም እንዳታለብሰኝ እሰጋ ነበር።

ባሏ ከሞተ በኋላ አንድ ልጇን ያሳደገችው በዚያችው የስፌት መኪና ነው። ልጁ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሆኖ አገባና ጠባብ የኪራይ ክፍል ገባ። ሚስቱ ባረገዘች ጊዜ እህቴ አንድ ነገር ብቻ ተመኘች። ከሳሎኑ ጎን ያለው ክፍል ውስጥ እንዲገቡላትና የልጅ ልጇ እዚህ ቤት እንዲያድግ። ክፍሉን አዘጋጀች፣ አልጋ አስገባች፣ ለመስኮቱማ ምን ያህል ጨርቅ እንደፈጀች እሷና ነጋዴው ያውቃሉ።

ምራቷ ቀያሽ ናት። መንገድ ከመሠራቱ በፊት ሜዳውን በመሣሪያ የምትለካ፣ የመሣሪያውን ባለሦስት እግር ማቆሚያ በትከሻዋ ይዛ ዳገት የምትወጣ፣ ከወዲያ ማዶ ተጣርታ የምትሰማ ሳቂታ ሴት ናት። በየእሑዱ ከባሏ ጋር ለምሳ ይመጣሉ። ትገባለች፣ ትስማለች፣ ትቀመጣለች። ከዚያ ሳህኗ ሳይጋመስ «ስልክ መጣልኝ» ብላ በረንዳ ትወጣለች፤ ወጥታም እዚያው ትቀራለች። አንድ እሑድ ስልኳ ጠረጴዛው ላይ ተኝቶ እያየነው «ስልክ መጣልኝ» ብላ ወጣች።

«ጋሼ፣ ይህቺ ልጅ ንቃኛለች» አለችኝ እህቴ ዕቃ እያነሳች።

«ምን አደረገችሽ?»

«ምን ታድርገኝ፤ ቤቴ ውስጥ መቀመጥ አቃታት እንጂ። ሶፋዬ እሾህ ያለው ይመስል።»

«ሜዳ የለመደች ናት፤ ጣራ ከብዷት ይሆናል።»

«ታዲያ ጣራውን ላንሳላት?»

ጣራውን አላነሳችም፤ በቀረው ግን አልሰነፈችም። በሚቀጥለው እሑድ ምራቷ የምትቀመጥበት ቦታ ላይ እግር የሚውጥ አዲስ ጠጉራም ምንጣፍ አነጠፈች። ቀጥሎ ከሣጥን ውስጥ የክብር ብርድ ልብሷን አውጥታ ሶፋው ላይ ደረበች፤ ብርድ ልብሱ ብል እንዳይበላው ከተጨመረበት መድኃኒት ጋር ስለኖረ ሽታው ከበር ይቀበላል። ያንንም ሽታ ለማጥፋት፣ እንግዶቹ ሊደርሱ ሲሉ የጽጌረዳ ሽታ ያለውን የቤት ሽቶ በየጥጉ ትረጫለች። ባከበረቻት ቁጥር ልጅቷ ፈጥና ትወጣለች፤ ፈጥና በወጣች ቁጥር እህቴ ክብሩን ትጨምራለች።

ነገሩ የፈነዳው ልጇ አንድ እሑድ አፉን በምግብ ሞልቶ «ከተማው ዳር አንድ የኪራይ ቤት አይተናል። ሰፊ ነው፤ ነፋሻ ነው» ያለ ዕለት ነው። እህቴ ማንኪያዋን አስቀመጠች። ምራቷ እንደ ልማዷ በረንዳ ላይ ነበረች። እህቴ ተነስታ ወደዚያው ሄደች፤ ልጇና እኔም ነገር እንዳይበረታ ተከትለናት በሩ ላይ ቆምን።

«ልጄ፣ እኔ ቂም ይዤ መኖር አላውቅበትም» አለቻት። «ምን እንዳስቀየምኩሽ ንገሪኝ።»

«ኧረ ምንም... እማማ...»

ቃሏ እየተቆራረጠ ነው የወጣው። እህቴ ጆሮዋን አቀረበች። ዕድሜዋን ሙሉ ከመኪና ጋር የኖረች ሴት ናትና ዘይት ያጣ ነገር ድምፁን ታውቃለች።

«ደረትሽ ለምንድን ነው የሚያፏጨው?»

ቀያሿ ከኪሷ ትንሽ ሰማያዊ ዕቃ አወጣች፤ ነቅነቅ አድርጋ አፏ ውስጥ ከትታ ሳበች። ትንሽ ቆይታ ደገመች። ትከሻዋ ቀስ እያለ ወረደ።

«አስም አለብኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ።»

«እና ይህን ሁሉ ጊዜ ዝም ትይኛለሽ?»

«በሽተኛ አገባ እንዳይሉት ብዬ ነው።»

እህቴ ወደ ልጇ ዞረች። «አንተስ?»

«ቃል አስገብታኝ ነው።»

«መብራት ሲጠፋ ለሰፈሩ ሁሉ ምክንያቱን ስታስረዳ የምታመሽ ሰውዬ፣ ለእናትህ ሲሆን ምላስህ ተያዘ?» አለችውና ወደ ምራቷ ተመለሰች። «መድኃኒቱ ለጽንሱ አይከፋም?»

«ሐኪሙ እንዳላቋርጥ ነው ያዘዘኝ። እኔ ካልተነፈስኩ እሱም አይተነፍስም አለኝ።»

«ደግ ተናገረ። ምኑ ነው የሚያስነሳብሽ?»

«አቧራ ነው።»

«እኔ ቤት አቧራ የለም።»

«የለም፤ ልክ ነዎት። ይኼኛው በዓይን አይታይም እማማ። ጨርቅ ውስጥ ነው የሚቀመጠው። አቧራ የሚበሉ ደቃቅ ነፍሳት አሉ፤ እነሱ የሚተዉት ነገር ነው ደረቴን የሚዘጋው። ምንጣፍ ላይ፣ ብርድ ልብስ ላይ፣ ፍራሽ ውስጥ...» ቆም አለች።

«ጨርሺው።»

«መጋረጃ ላይ።»

ልጇ ጫማውን ማየት ጀመረ። እኔም የማየው ነገር ፈለግሁ። ዕድሜዋን በመጋረጃ የኖረችን ሴት በገዛ በረንዳዋ እንዲህ ያላት ሰው አልነበረም። እህቴ ግን ሜትሯን ከአንገቷ አውርዳ እጇ ላይ ጠቀለለችና ሥራ የሚቀበል ሰው በሚጠይቅበት ድምፅ «የትኛው? ስሱ ነው ከፋዩ?» አለች።

«ከፋዩ ይብሳል።»

«ሽቶውስ?»

«እሱማ ስልክ የሚያስመጣብኝ እሱ ነው።»

መጀመሪያ የሳቀችው እህቴ ናት። ሳቋን ስትጨርስ ልጇን «የዚያ ቤት ባለቤት መልስ የሚፈልገው መቼ ነው?» ብላ ጠየቀችው። ለሚመጣው እሑድ ነው አላት። «እንግዲያው እስከዚያ አፍህን ዝጋ፤ ለምደኸዋል» አለችው።

ሰኞ ጠዋት መሰላል ላይ ወጣች። ከፋዩን ስታወርድ ደንበኞቿ በመንገድ እያለፉ «ልትለቂ ነው እንዴ?» ይሏታል። የጎኗ ክፍል መጋረጃም ወረደ፤ ምንጣፎቹ ተጠቅልለው ወጡ። ሶፋው፣ ቴሌቪዥኑና ጀሪካኑ ልብሳቸውን አወለቁ። የስፌት መኪናዋና ጣቃ ጨርቋ ሁሉ ከሳሎን ጥግ ተነስቶ ዕቃ ማስቀመጫ ወደነበረችው የመንገድ ዳር ክፍል ሄደ፤ ደንበኛም ማሳያውን እዚያው እንዲያይ ሆነ። ሳሎኑ ሲራቆት ድምፃችን ያስተጋባ ጀመር፤ «አዳራሽ ውስጥ ነው የምንኖረው» እያልን ቀለድን።

የከፋው ነገር ግን ከከፋዩ ኋላ የተገኘው ነው። ግድግዳው ከጥጉ እስከ መስኮቱ ድረስ በጥቁር ሻጋታ ተሸፍኗል። ለካ የጣራው አሸንዳ ተቀዶ ዝናቡ በግድግዳው ውስጥ ሲወርድ ከርሟል። እህቴ መሰላሉ ላይ እንዳለች በጣቷ ፋቅ አድርጋ አየችው።

«ይህ ሁሉ እዚህ ሲኖር እኔ ዘርፍ እሰፋለታለሁ» አለች።

ግንበኛ ጠራን። አሸንዳውን ቀየረ፤ አፍንጫውን ሸፍኖ ሻጋታውን በሳሙናና በውሃ ፍቆ አወረደ፤ ግድግዳው በደንብ ሳይደርቅ ቀለም እንዳናስነካው አስጠንቅቆን ሄደ። አንሶላና ብርድ ልብሱ በፈላ ውሃ ታጠበ። ለአልጋው ፍራሽ እህቴ ድርና ማጉ ጥቅጥቅ ካለ ጨርቅ ዙሪያውን በዚፕ የሚዘጋ ልብስ ሰፋችለት። ጨርቁ ጠንክሮ መርፌ ሰበረባት፤ እሷ ግን ደስ ብሏታል። የምትሰፋው ነገር እስካለ ድረስ ነገሩ ሁሉ አይከፋትም።

ይህን ሁሉ ጨርሳ ቅዳሜ ብትቀመጥ ኖሮ መልካም ነበር። እሑድ ጠዋት ግን እጇ አላርፍ አላት። ምራቷ ቤቱ ሲያብለጨልጭ እንድታየው ብላ ወለሉንም፣ በሩንም፣ መስኮቱንም በበረኪና ታሻቸው ጀመር፤ ውሃ እንኳ በቅጡ አልጨመረችበትም። እኔ ከጓሮ ስመጣ ዓይኔ አለቀሰ። መስኮት ከፍተን በፎጣ ስናራግብ እንግዶቹ ደረሱ። ቀያሿ አንድ እግሯን አስገባች፤ መልሳ አወጣችው። እየሳለች እስከ ውጭው በር ድረስ ሄደች።

እህቴ የበረንዳው ደረጃ ላይ ተቀመጠች። «በቃ» አለችኝ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ሂዱ በላቸው። እኔ ለዚህች ልጅ አልሆንም።»

ቀያሿ መድኃኒቷን ስባ፣ ትንፋሿ እስኪመለስ ቆማ፣ መጥታ ከጎኗ ተቀመጠች።

«እማማ፣ ቅር አይበልዎት። እርስዎ በጣም ይደክማሉ። እባክዎ ትንሽ ይስነፉልኝ።»

«መስነፍ አላውቅበትም።»

«እኔ አስተምርዎታለሁ፤ ቤታችንን አይተውት የለ?»

«አይቼዋለሁ» አለች እህቴ። «ጎበዝ ነሽ።»

ቀያሿ ከት ብላ ሳቀች። ከዚያም በዚህ ጊዜ እውነተኛ ስልክ ደውላ ከኪራዩ ቤት ባለቤት አንድ ሳምንት ለመነች።

ያ ሳምንት ለእህቴ ከመጀመሪያው የከበደ ነበር። ወለል በደረቅ መጥረጊያ መጥረግ ቀረ፤ በእርጥብ ጨርቅ ብቻ ይወለወላል። ጠዋት ጠዋት መስኮት ተከፍቶ ቤቱ ይናፈሳል። ሽቶውና የብል መድኃኒቱ ወጡ። የበረኪናውን ዕቃ እኔ ክፍል አምጥታ «ብለምንህም እንዳትሰጠኝ» አለችኝ። ረቡዕ ዕለት መጥታ ለመነችኝ። አልሰጠኋትም። «ወንድም ብዬ» እያለች ተመለሰች።

ከአጥሩ ማዶ ያለው ጡረተኛ ጎረቤታችን ደግሞ ቅጠልና ቆሻሻ ሰብስቦ በየምሽቱ የማቃጠል ልማድ አለው፤ ጭሱ ቀጥታ ለልጇና ለምራቷ ወደተዘጋጀችው ክፍል ነው የሚገባው። እህቴ ሄዳ በሩን አንኳኳች።

«ለሳሎንህ መጋረጃ ልስፋልህና ጭሱን ተውልኝ።»

«ነፃ?»

«ነፃ።»

«ዘርፍ አለው?»

«ብትፈልግ እስከ ጣራህ አለብስሃለሁ።»

ከዚያ ወዲያ ቆሻሻውን ለወሳጅ ይሰጣል። ከእኛ ቤት የወረደው ከፋይ ታጥቦ አሁን የእሱ መስኮት ላይ ነው፤ ሰውየውም በሰፈሩ ሲታይ ትንሽ ኮራ ብሏል።

ቅዳሜ ማታ ልጇና ምራቷ ለሙከራ እዚያች ክፍል አደሩ። እሑድ ጠዋት እኔና እህቴ ሳሎን ተቀምጠን የክፍሉን በር እናያለን፤ ሁለታችንም ሌላ ነገር የምናይ ለመምሰል እንሞክራለን። በሩ ተከፈተ። ቀያሿ ዓይኗን እያሸች ወጣች።

«እንዴት አደርሽ ልጄ?»

«አልተኛሁም እማማ።»

እህቴ የጠረጴዛውን ጠርዝ ያዘች። «ደረትሽ ነው?»

«ደረቴማ ሰላም ነው። የታፈነ ሰው ያለ መስሎኝ ሁለት ጊዜ ተነስቼ በርዎ ላይ ቆምኩ። ሲያንኮራፉ ግድግዳው ይንቀጠቀጣል።»

«እኔ አላንኮራፋም። ጋሼ ነው።»

«ጋሼ የተኙት ጓሮ ነው።»

«ከጓሮም ይሰማል» አለች እህቴ ሳታፍር። እኔ እንደማላንኮራፋ ሁሉም ያውቃሉ። ቀያሿ ወደ ባሏ ዘወር ብላ «ለሰውየው ደውልለት። ቤቱን ትተነዋል በለው» አለችው። እህቴ ፈጥና ወደ ጓዳ ገባች፤ ስትመለስ ዓይኗ ቀልቶ ነበር፤ ሽንኩርት ነው አለች።

አስሙ ድኗል ማለቴ አይደለም። ነፋስ ባለበት ቀን ዛሬም ይነሳባታል፤ መድኃኒቷም ከኪሷ አይወጣም። ነገር ግን የሚነሳው በየእሑዱ መሆኑ ቀርቷል።

ዕቃቸው የመጣ ዕለት መኪናው ላይ ከሁሉ በላይ የተቀመጠው ሰው የሚያህል የአሻንጉሊት ድብ ነበር። የቀያሿ ባልደረቦች ለሚወለደው ልጅ ገዝተው የሰጧት ነው። ሾፌሩ አቅፎት ሲመጣ እህቴ በሩ ላይ እጇን ዘረጋች።

«ይህ ማነው?»

«የልጄ ስጦታ ነው እማማ።»

እህቴ ጠጉሩን በሁለት ጣት ይዛ ፈተሸችው፤ ጀርባውን ገልብጣ ስፌቱን አየች።

«ይታጠባል?»

«ሳፋ ውስጥ እንኳ አይገባም» አለች ቀያሿ።

«እንግዲያው ቤትም አይገባም።»

«ለአንድ ቀን ብቻ፤ ፎቶ ላንሳው።»

«ልጄ፣ እኔ የገዛ ከፋዬን ያወረድኩ ሴት ነኝ። ለዚህ ጠጉራም የማዝን ይመስልሻል?»

ሾፌሩ ድቡን ታቅፎ አንዴ ወደ አንዷ፣ አንዴ ወደ ሌላዋ ያያል። ቀያሿ ሳቋ ሲያበቃ «ለልጆችህ ውሰድላቸው» አለችውና አልፋ ገባች። ባዶው ሳሎን ውስጥ፣ ባዶው ሶፋ ላይ እግሯን ዘርግታ ተቀመጠች፤ ዕቃው ገብቶ እስኪያልቅ ድረስም ማንም አላስነሳትም።