ያላየሁት ውሃ

«ዓባይን በስልክ የምትሸጪው አንቺ ነሽ?»

ይህን ያለኝ መርማሪው ነው፤ ገና ከበሩ እንደገባሁ፣ ቁሚ ወይም ተቀመጪ ሳይለኝ። ፖሊሶች ከሰፈራችን ድልድይ ላይ አንሥተው ደብረ ማርቆስ እስኪያደርሱኝ ድረስ ለምን እንደተያዝኩ አንድ ሰው ትንፍሽ አላለም። ጭቃ የበላው ቦቲ ጫማዬ ወለሉን አበላሽቶበታል።

«ዓባይ አይደለም፤ ገባሩ ነው» አልኩት። ማረም አልነበረብኝም። ምን ላድርግ፣ አፌ እንዲህ ነው።

«ለማን ነው የምትነግሪው?»

«ለጠየቀኝ ሁሉ።»

«ለሱዳንም?»

«እነሱም ይጠይቃሉ።»

ሥራዬ ይህ ነበር። ከሉማሜ ወጣ ብሎ ሰፈራችን አጠገብ ባለው ድልድይ እግር ላይ ቁጥር የተጻፈበት ብረት ቆሟል። ጠዋትና ማታ ወርጄ ውሃው የትኛው ቁጥር ላይ እንደደረሰ አያለሁ፤ ያየሁትን በስልኬ በድምፅ ወደ አንድ ግሩፕ እልካለሁ። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ ውጤት አልመጣልኝም ነበርና፣ የሚያነብ ሰው ሲፈለግ ከማንም ቀድሜ እጄን አወጣሁ። ግሩፑ ውስጥ ሌሎች ወንዞችን እንደኔ የሚያነቡ አሉ፤ በቆላው የሚያርሱ አሉ፤ ከድንበር ማዶ ደግሞ ሱዳን ውስጥ ወንዝ ዳር የሚኖሩ አሉ። ከነዚያ አንዱ መተማ ሲነግድ የለቀማት፣ ሴቱንም ወንዱንም «አንተ» የምትል አማርኛ ስላለችው የኛን ድምፅ ሰምቶ ለመንደሩ የሚያስረዳው እሱ ነው። የመንደሩ ሰዎች ከየገባሩ የሰሙትን አገናኝተው ነው ከብቱ በውሃው ዳር ይክረም ወይስ ወደ ከፍታ ይውጣ የሚሉት። ስምምነታችን አጭር ናት፤ ያላየነውን አንናገርም። በክረምት ደግሞ ቁጥር ከጠፋ እነሱ ክፉ ነገር አለ ብለው ይነሣሉ።

ይህንን ሁሉ ለመርማሪው ነገርኩት። ጻፈ አልጻፈ አላውቅም። ሲያበቃ «አስገቧት» አለ።

የሴቶቹ ክፍል ቀድሞ የማዳበሪያ መጋዘን ነበረ። ሽታው ከግድግዳው አልወጣም፤ ዓይን ይለበልባል። ውስጥ የነበረችው አንዲት ሴት ብቻ ናት፤ የጉንደ ወይን ሰው፣ የእናቴ እኩያ። ልጅሽ የት ገባ እየተባለች ነው የተያዘችው።

«አንቺስ ምን አድርገሽ ነው?» አለችኝ።

«ውሃ ለካሁ።»

ሳቀች። «ተመስገን! እኔ የማላውቀውን አልናገር ብዬ ታሰርኩ፣ አንቺ የምታውቂውን ተናግረሽ ታሰርሽ። በይ የቱ ይሻላል?»

በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ጀመረ። በረዶ የቀላቀለ ነው። ቆርቆሮውን ሲደበድበው ጆሮ ለጆሮ ተጠጋግተን እየጮህን ነበር የምናወራው። እኔ ማውራቱን ተውኩት። ሌላ ጊዜ ቢሆን ይሄኔ ላስቲክ ለብሼ ቁልቁል እየሮጥኩ ነበር። ያ ብረት እስከ ስንተኛው ቁጥር እንደተዋጠ በልቤ ልገምት ሞከርኩና ተናደድኩ። መገመት አልወድም።

ሲነጋጋ መርማሪው አስጠራኝ።

«ወንበር ያዢ» አለኝ። ያኔ ነው የፈራሁት።

ስልኬ ጠረጴዛው ላይ ነው፤ ቻርጅ ተደርጓል። በመስኮቱ በኩል ወንድሜ ታየኝ። ዋስ ሊሆነኝ ከመጣ ሰው ጋር በአንድ ጃንጥላ ሥር ተጠጋግተው ቆመዋል።

«አየሻቸው? ዛሬ ትወጫለሽ። ይሄ ሱዳኑ ግን እረፍት ነሣን። ‹ልጅቷ የት ገባች› እያለ በውጭ አገር ያለውን ሰው ሁሉ ቀሰቀሰው። በድምፅሽ አንድ ነገር በይልኝ። ‹ደህና ነኝ፣ ውሃው እንደ ሁልጊዜው ነው።› በቃ። ከዚያ ከወንድምሽ ጋር ምሳሽን ብዪ።»

«ውሃውን አላየሁትም።»

«ማየት ምን ያደርጋል? ውሃ ውሃ ነው።»

«የትናንቱን ዝናብ እርስዎም ሰምተውታል።»

«ግድብ ገድበን የለም እንዴ? ምን ያሰጋቸዋል?»

«ሞልቶ ሲለቀቅስ?»

ትክ ብሎ አየኝ። «አንቺን ያሳሰረሽ ይሄ አፍሽ ነው። ሂጂና እስከ ምሳ አስቢበት።»

ለጉንደ ወይኗ ሴት ነገርኳት። አልተገረመችም።

«በያት» አለችኝ። «አንዲት ቃል ናት። በያትና ውጪ። እናትሽ ትናንትም ዛሬም እዚህ በር ላይ ያመጣችልሽን እህል ለዘበኛ እየቀመሰች መቆሟ አያሳዝንሽም?»

«እርስዎስ የልጅዎን መድረሻ ቢያውቁ ይናገሩ ነበር?»

ጥያቄው እንደበዛ ከአፌ ሲወጣ ነው ያወቅሁት።

«እሱ ልጄ ነው» አለች። «እነዚያ ምንሽ ናቸው?»

ከተፈታሁ በኋላም ስንቱ ይህንኑ ጠየቀኝ። ምኔም አይደሉም። አንዳቸውንም በዓይኔ አላየሁም። ብቻ ከኔ «እንደ ሁልጊዜው ነው» የሚል ከሰሙ ከብቱን ትተው ይተኛሉ።

ሴትዮዋ ወደ ራሷ ስባ አዞረችኝና የተበተነ ፀጉሬን በጣቷ ሰብስባ አሠረችልኝ። «እንዲህ ሆነሽማ ፊቱ አትቀርቢም» አለች።

ምሳ ሰዓት ላይ ተመልሼ ገባሁ። መርማሪው ስልኩን አነሣ። በአውራ ጣቱ የድምፁን ምልክት ተጭኖ አፌ ሥር አስጠጋልኝ። ጣቱ እስከተጫነ ድረስ ይቀዳል፤ ከተነሣ ይላካል። እጁ ሳሙና ሳሙና ይሸታል። በመስኮቱ ወንድሜ ቀና ብሎ አየኝና ፈገግ አለ።

«በይ» አለኝ በከንፈሩ ብቻ።

«ትናንት ኃይለኛ ዝናብ ነበር» አልኩ። «ውሃውን ግን አላየሁትም።»

ጣቱ ከስልኩ ላይ ተነሣ።

መልእክቱ ሄደ። ሁለታችንም ስልኩን አየነው። ሊያጠፋው ሲጣደፍ መሰማቱን የሚያሳየው ምልክት መጣ። ፊቱ ቀላ። እጁን ሲያነሣ ይመታኛል ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ፤ የመታው ጠረጴዛውን ነው። ወዲያው ስልኩ ጮኸ፤ መልስ ነበር። ማስረጃ ያገኘ መስሎት ድምፁን ከፍ አድርጎ ከፈተው።

«እሺ እህቴ። ገባኝ። ላም ሁሉ ላይ ይወጣል።» ከኋላው ሰው ይጣራል፤ ውሻ ይጮኻል። «አንተ ደህና ነህ?»

መርማሪው መልሶ ከፈተው። ሌላ ነገር አልነበረበትም። ስልኩን መሳቢያ ውስጥ ከተተና በሩ ላይ የቆመውን ፖሊስ ጠራ።

«ወንድሟን ወደ ቤትህ ሂድ በለው። እሷን መልሳት።»

ፖሊሱ ክንዴን ሊይዝ እጁን ዘረጋ።

«ተወኝ፣ መንገዱን አውቀዋለሁ» አልኩት። ነጠላዬን አስተካክዬ ወጣሁ።