የቆረጥኩት ሁለተኛ አጋማሽ

ይህን ነገር ከአፌ አውጥቼው አላውቅም። ለሚስቴ አልነገርኳትም። ከነፍስ አባቴ እግር ሥር ተንበርክኬ ሌላ ሌላውን ስዘረዝር እንኳ ይቺን እየዘለልኩ ነው የኖርኩት። አንተን አላውቅህም፤ ምናልባትም የምነግርህ ስለማላውቅህ ይሆናል።

ሰውየው ደረጀ ይባላል። ከጎንደር አብረን ተነስተን፣ በመተማ አብረን ተሻግረን፣ ካርቱም ጀሪፍ ውስጥ አንድ ክፍል ተከራይተን አብረን ኖረናል። እኔ ጀብራ አካባቢ ኮምፒውተር መጠገኛ ሱቅ ተቀጥሬ ነበር። አንድ ቀን ከሱቁ ላፕቶፕ ጠፋ። በዚያ ቀን እኔ ሥራ አልገባሁም፤ ከጠዋት እስከ ማታ ከደረጀ ጋር ክፍላችንን ቀለም ስንቀባ ነው የዋልነው። በሁለተኛው ቀን ፖሊሶች መጥተው ደጃፋችን ላይ ያዙኝ።

«ከእሱ ጋር ነበርኩ፣ ጠይቁት» አልኳቸው።

ደረጀ መሬት መሬት እያየ «ማ ሹፍቶ» አለ። አላየሁትም። የቀባነው ነጭ ቀለም ገና ከጥፍሩ ሥር አልለቀቀም ነበር።

ሃያ ጅራፍ ተገረፍኩ። ሦስት ወር ታሰርኩ። አንድ ቀን እንኳ ሊጠይቀኝ አልመጣም። ስፈታ ቤተ ክርስቲያን ስሄድ፣ አጠገባቸው የቆምኩ ሴቶች ቦርሳቸውን ወደ ጉያቸው ይሰበስቡ ነበር። ይህን የምነግርህ እንድታዝንልኝ አይደለም። ደረጀ ለምን እንደካደኝ ያኔም አውቅ ነበር። ኢቃማ አልነበረውም፤ ጣቢያ ቢገባ የመኖሪያ ወረቀት ይጠይቁትና በዚያው ወደ ድንበር ይጭኑት ነበር። ፈርቶ ነው። አውቄለት ነበር፤ ይቅር ግን አላልኩትም።

የሚቀጥረኝ ሳጣ ከሱቅ አል-አረቢ ገበያ አንዲት ፍላሽ የምታክል፣ ኮምፒውተር ላይ የምትሰካ የቴሌቪዥን መቀበያ በርካሽ ገዛሁ። ጣሪያው ላይ የመዳብ ሽቦ በእንጨት ዘርግቼ አንቴና አደረግኩት። ሳህን የለ፣ ወርሃዊ ክፍያ የለ፤ የአገሩ ቴሌቪዥን ትንሽ በረዶ እየጣለበት አሮጌዋ ኮምፒውተሬ ላይ ይገባ ጀመር። መቅረጽም ትችል ነበር። ሰው ቤት የሚሠሩ የወሎ ልጆች ተከታታይ ድራማው ሲተላለፍ ዕቃ እያጠቡ ነው፤ ጁምዓ ዕረፍታቸው ሲሆን ፍላሻቸውን ይዘው መጥተው የሳምንቱን ይወስዳሉ። ኮምፒውተር ያለው ደግሞ ያቺኑ መቀበያ እንድተክልለት ይጠራኛል። በዚህ ስም አወጣሁ፤ «የሚቀርጸው» እባል ነበር።

ከዓመታት በኋላ ከአገራችን የመጣ ቡድን ኦምዱርማን ላይ ሊጫወት ሆነ። ሐበሻ ሁሉ ቅረጽልን አለኝ። ቀረጽኩት፤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው።

በዚያው ዕለት፣ ጨዋታው እየተካሄደ ሳለ፣ ደረጀ የኤሌክትሪክ መስመር ይዘረጋበት የነበረ የአንድ ሀብታም ቤት ተዘረፈ። ባለቤቱ ለዐስር፣ ለከሰዓት በኋላው ሶላት፣ መስጊድ ሄዶ ሲመለስ የሚስቱን ወርቅ አጣ። የጎረቤት ዘበኛ «አንድ ሐበሻ ሲወጣ አይቻለሁ» አለ። ደረጀን ያዙት። ወሬውን ስሰማ ምን እንደተሰማኝ ልንገርህ? በልቶ እንደጠገበ ሰው ተንፈስ አልኩ።

ሚስቱ የሺ እሑድ ቀን መጣች። ከዚያ በፊት አነጋግሬያት አላውቅም።

«ወንድሜ፣ እንደበደለህ ነግሮኛል» አለችኝ ቆማ። «አልቅሶ ነው የነገረኝ። ግን ያን ሰዓት ስታዲየም ነበር። ጓደኞቹ ሻይ ቤት ሆነው በቴሌቪዥን አይተውታል። መርማሪው የሐበሻ ምስክር አልሰማም፣ ሱራ አምጪ አለኝ፤ ምስሉን። ቴሌቪዥን ጣቢያው ድረስ ሄጄ ዘበኛው ከበር መለሰኝ። አንተ ቀርጸኸዋል አሉኝ። በእመቤቴ ይዤሃለሁ!»

«ቀርጬ ነበር፤ ዲስኩ ሞልቶ መሃል ላይ የቆመ ይመስለኛል። ልፈልግልሽ፣ ረቡዕ ነይ» አልኳት።

«ኢንሻላህ ይገኛል» አለች።

እንደሄደች በሩን ዘግቼ ቅጂውን ከፈትኩት። ሁለተኛው አጋማሽ ላይ ካሜራው ወደ ተመልካቹ ዞረ፤ ደረጀ ባንዲራ አንገቱ ላይ ጠምጥሞ፣ አፉን ከፍቶ ይጮሃል። ፊቱ ጥርት ብሎ ይታያል። ሰዓቱ ከላይ ጥግ ላይ ተጽፏል። አንድን ሰው ነጻ የሚያወጣው ነገር በሙሉ እጄ ላይ ነበር።

እኔ ነኝ የቆረጥኩት። ኮምፒውተሩ አልተበላሸም፣ መብራት አልጠፋም፣ ማንም አላስገደደኝም። እኔ ቆረጥኩት። ጁምዓ ስላልደረሰ ገና ማንም አልወሰደውም ነበር፤ የመጀመሪያውን አጋማሽ ለብቻ አውጥቼ ለሁሉም የሚሰጠው እሱ ብቻ እንዲሆን አስቀመጥኩ። ረቡዕ የሺ መጣች፤ ከጎኗ ተቀምጬ አብሬያት አየሁ። ካሜራው ወደ ሕዝቡ በዞረ ቁጥር አፍንጫዋ መስታወቱን እስኪነካ ትጠጋና እያንዳንዱን ፊት እያየች ትፈልገዋለች። እንደማይመጣ እያወቅኩ «ቀስ በይ፣ ይመጣል» እላት ነበር። እንዲህ ያለውን ቃል ምን ዓይነት ሰው ይናገራል?

ምስሉ ተቋረጠ።

«አለቀ?» አለችኝ።

«አለቀ።»

መዳፏን ጥቁሩ ስክሪን ላይ አሳረፈች። ከዚያ አመሰገነችኝና ሄደች።

ሙሉውን ቅጂ ወዲያው አላጠፋሁትም። ሦስት ሳምንት አስቀምጬ ደረጀ የሚጮህበትን እየመለስኩ አየሁት። «እኔም አላየሁህም» እለው ነበር፣ በደስታ። እንዲህ ያለ ደስታ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ቀምሼ አላውቅም። ደረጀ ተገረፈ፤ ሁለት ዓመት ተፈረደበት። ፍርዱን በሰማሁበት ቀን አጠፋሁት። ሲፈታ በጭነት መኪና ወደ መተማ ወሰዱት። የሺ ሴት ልጇን ይዛ ከከተማው ዳር ያለው የድሆች ሰፈር፣ ማዮ፣ ገባች፤ በቀን ሦስት ቤት እያጸዳች ታሳድጋት ጀመር።

እርሱ የካደኝ ፈርቶ ነው። እኔ ምን ፈርቼ ነበር? ምንም። እርሱ አንድ ቃል ተናግሮ አንገቱን ደፋ፤ እኔ ግን አስቤ፣ ቀጠሮ ሰጥቼ፣ በገዛ እጄ ሠራሁት።

ደረጀ ከተባረረ በኋላ አንድ ቀን የሺ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ አገኘችኝ። እጄን በሁለት እጇ ይዛ ሳመችው።

«ሰው ሁሉ ሲሸሸኝ በሩን የከፈትክልኝ አንተ ብቻ ነህ» አለች። «ለደረጀ በስልክ ነገርኩት። ‹እንግዲያ ይቅር ብሎኛል› ብሎ አለቀሰ። እግዜር ይስጥልኝ።»

«አሜን» አልኩ።

አሜን ብዬ ቤቴ ገባሁ፣ ራቴን በላሁ፣ እንቅልፍም ወሰደኝ። ስለዚህ ይቅር በለኝ አልልህም። ዛሬም ደረጀ አፉን ከፍቶ ሲጮህ ትዝ ሲለኝ ውስጤ የሆነ ነገር ፈገግ ይላል፤ ያ ፈገግታ እስካለ ድረስ ንስሐ ገባሁ ብል ሁለተኛ መዋሸት ነው።