ግንባር መሬት እስኪነካ

ወይዘሮ አሰለፈች አልተውም ያሉት ስግደትን ነበር። ሌላውን ሁሉ ዘመን አንድ በአንድ ከእጃቸው ፈልቅቆ ሲወስድ ዝም ብለው ሰጥተዋል፤ ባላቸውን ለሳንባ ሕመም፣ የበኩር ልጃቸውን ለጥይት፣ ጥማድ በሬዎቻቸውን ለተስካር። ከጉና ተራራ ሥር፣ ገብስና ድንች እንጂ ሌላ አዝመራ በማያውቀው ቀዝቃዛ አገር ብቻቸውን ከቀሩ በኋላ እንኳ፣ ፊታቸውን ወደ ምሥራቅ መልሰው፣ ተንበርክከው፣ ግንባራቸውን መሬት ሳያስነኩ ማለዳ እሳት አያነዱም ነበር።

ያለፈው ክረምት ይህንኑ ሊወስድ መጣ። ዝናብ ያራሰው የበጎቹ በረት ካብ፣ ግልገል ሊያወጡ ጎንበስ ባሉበት ተንዶ ቀኝ ጉልበታቸውን ሰበረው። ወጌሻው አሽቶ አሰረው፤ አጥንቱ ግን ጠምሞ ገጠመ።

መስከረም ሲጠባ፣ ሰው ሁሉ እርስ በርሱ መልካም ዘመን ሲመራረቅ፣ እርሳቸው መደብ ላይ እንደ ተጋደሙ ለራሳቸው ሥራ ቆረጡ። መጀመሪያ የቤቱን ምሰሶ ይዞ መነሣት፤ ከዚያ እስከ ደጃፍ መድረስ፤ ከዚያም እስከ ምንጩ፤ በመጨረሻ ተንበርክኮ ያለ ሰው እጅ መነሣት። ለእያንዳንዱም ሥራ አዲስ ምስጋና ደነገጉ፤ የትናንቱን ተመስገን ለዛሬ መድገም በእርሳቸው ዘንድ የሻገተ መባ እንደ ማቅረብ ነበርና። ምስጋናቸው ግን ሰሚን ደስ የሚያሰኝ አልነበረም። ምሰሶውን ይዘው በቆሙ ዕለት፣ ምስጥ ስላልበላው አመሰገኑ። ምንጩ በደረሱ ዕለት፣ ባላቸው ይህን አካሄዳቸውን ሳያይ ስለ ሞተ አመሰገኑ።

ጎረቤታቸው አያ ሞላ ከማሳው ሆኖ ሲያያቸው ዝም ማለት አይሆንለትም።

«አሰለፈች! ኧረ ቀስ በይ፣ መንገዱን ጨረስሽው እኮ!»

«አንተ ሁለት ደህና እግር ይዘህ ከጠላ ቤት አታልፍ!»

«እኔም እኮ ስመለስ ተመስገን እላለሁ።»

«ሚስትህ ግን አትልም።»

በጥምቀት ሰሞን ልጃቸው እመቤት ከደብረ ታቦር መጣች። በከተማው ትንሽ ሱቅ ያላት፣ ለእናቷ የቀረች አንዲት ልጅ ናት። ከምንጩ ሲመለሱ ወድቀው፣ ጭቃ ለብሰው ብታገኛቸው አለቀሰች።

«እማ፣ ከእኔ ጋር ይውረዱ። እዚህ ወድቀው ጅብ ቢጎትትዎት ማን ይሰማል?»

«ጅብም የሚጎትተው ሥጋ ያለውን ነው።»

«አይቀልዱብኝ! ወንድሜን ቀብሬያለሁ። የእርስዎን ደግሞ አጥንት ለቅሜ ልቅበር?»

እናትና ልጅ በነፍስ አባታቸው በቄስ ዘውገ ፊት ቃል ተገባቡ። ወይዘሮ አሰለፈች በስቅለት ዕለት ከሕዝቡ ጋር ሰግደው፣ ስግደቱ እስኪያበቃ በገዛ ጉልበታቸው ከተነሡ በቤታቸው ይኖራሉ፤ ካቃታቸው ግን በጎቹ ተሸጠው፣ ቤቱ ተዘግቶ ወደ ከተማ ይወርዳሉ። ሽማግሌው ቄስም ከሐሙስ ጀምሮ እህል ውኃ ሳይቀምሱ ትንሣኤን መጠበቅ የሴትዮዋ የዘወትር ልማድ መሆኑን ያውቁ ነበርና፣ «ዘንድሮ አክፍሎት የለብሽም፤ ጧት ቀምሰሽ፣ ውኃ ጠጥተሽ ነይ» ብለው አዘዙ።

ዐቢይ ጾም ሲጋመስ ወይዘሮ አሰለፈች ያለ ሰው እጅ ይነሡ ጀመር። ለጸሎተ ሐሙስ የመጣችው እመቤትም በበሩ ስንጥቅ አይታቸው፣ በልቧ ተሸነፍሁ አለች። ስንዴና ባቄላ ቀቅላ ጉልባኑን ሰጠቻቸው፤ ተቀብለው ወደ ጓዳ ገቡ።

በማግሥቱ የሚካኤል ቅጥር ግቢ በሰው ተሞላ። ሕዝቡ «ኪርያላይሶን» እያለ ሲወድቅ ወደቁ፤ ሲነሣ ተነሡ። የተጣመመው ጉልበት ድንጋዩ ላይ ባረፈ ቁጥር የጥርሳቸው ፍጭት ይሰማ ነበር። ከወንዶቹ ወገን አያ ሞላ የገዛ ስግደቱን ረስቶ ይመለከታቸዋል። እስከ ቀትር ድረስ እንዲህ ሆነ።

ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ ሕዝቡ እንደ ገና ወደቀ፤ እንደ ገናም ተነሣ። ወይዘሮ አሰለፈች አልተነሡም።

እመቤት አንድ እርምጃ ተራምዳ ቆመች። ከነካቻቸው ቃሉ ፈረሰ፤ ቤታቸውን የነጠቀው የገዛ እጇ ሊሆን ነው። ሕዝቡ ዳግመኛ ወደቀ፤ ተነሣ። ነጭ ነጠላው እንደ ተዘረጋ ቀረ። ያን ጊዜ ሮጣ ገለበጠቻቸው። ከነጠላው ጫፍ የነበረ ቋጠሮ ተፈትቶ፣ የትናንቱ ጉልባን ደርቆ፣ ስንዴው ከባቄላው ጋር ድንጋዩ ላይ ተበተነ።

«እማ፣ ምን ነካዎት? ይህንን ቀምሰው ቢሆን እኮ ይነሡ ነበር!»

«እርሱ ሐሞት ሲጠጣ እኔ ውኃ ልጠጣ?» አሉ ከንፈራቸው ተሰንጥቆ።

ከሰዓት በኋላውን በቅጥሩ ጥግ ተጋድመው ዋሉ። ስግደቱ ሲያበቃ ቄስ ዘውገ የወይራ ቅጠላቸውን ይዘው፣ የእያንዳንዱን ጀርባ እየጠበጠቡ፣ ለእያንዳንዱም ተጨማሪ ስግደት እያዘዙ ዞሩ። ወይዘሮ አሰለፈችም በክንዳቸው ተደግፈው ጀርባቸውን ሰጡ። ቄሱ ወይራውን ወደ ኋላ መለሱት።

«ቅመሺ ብዬሽ ነበር፤ አልሰማሽኝም። ያንቺ ቀኖና ስግደት አይደለም፣ ልጄ። ወርደሽ፣ እመቤት ቤት አርፈሽ መቀመጥ ነው።»

እመቤት አንገቷን ደፋች። ወይዘሮ አሰለፈች የተላጠ ግንባራቸውን አቀኑና መለሱ፤

«እወርዳለሁ፤ ቃሌን አልበላም። በጎቹንም ሽጡ፣ ቤቱንም ዝጉ። አርፈሽ ተቀመጪ የሚሉትን ግን አልቀበልዎትም፣ አባ። ከተማውም መሬት አለው። ነገ የልጄን ግድግዳ ይዤ እነሣለሁ፤ ከዚያ እስከ በሯ፣ ከዚያም እስከ ደብረ ታቦር ኢየሱስ ደጅ። ለከርሞ ስቅለት እዚያ ይፈልጉኝ፤ ያን ጊዜም ወይራዎን አይንፈጉኝ። ዛሬ ወደቅሁ እንጂ አልተቀመጥሁም። ለዛሬ ተመስገን የምልበትም አላጣሁም፤ የወደቅሁት ግንባሬ መሬት ከነካ በኋላ ነው።»