ድምፅ ያላሰማችው ኳስ

ባለፈው ቅዳሜ ፒያሳ ላይ ግርማን ከኋላው አይቼ በስሙ ጠራሁት። አልዞረም። ደግሜ ስጠራው ጭራሽ እርምጃውን አፈጠነ። አብሮኝ የነበረው ልጄ፣ «ጓደኛህ ጆሮው ደከመ እንዴ?» አለኝ። የግርማ ጆሮ ከእኔም ከልጄም ይሻላል።

ነገሩ የወጣትነታችን ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ጎልፍ የምንማር ስድስት ጓደኛሞች ነበርን፤ ከምንጫወተው የምናወራው ይበልጥ ነበር። አንድ የዐቢይ ጾም ሰሞን፣ መንዝ ውስጥ ገደል አፋፍ ላይ ያለ ሎጅ ሣሩን አጭዶ የጎልፍ ሜዳ አበጅቷል ሲሉን ሚኒባስ ተከራይተን ወጣን። መሐል ሜዳ ከተማ ላይ ሽሮ በላን፤ የገብስ ቆሎ በየኪሳችን ሞላን። ብርዱ ጣት ያደነዝዛል። ሜዳው ዳር እስከ ዳር የጓሳ ሣር ነው፤ አልፎ አልፎ ጅብራ የሚባለው፣ ከሰው የሚረዝመው የደጋ ተክል ቆሟል፤ ከዚያ ወዲያ እስከ ቆላው ድረስ ባዶ አየር። እንደዚያ የሚያምር ቦታ ኳስ መትቼ አላውቅም።

የሎጁ ዘበኛ ጋሽ ደምሴ ዱላችንን አይተው ፈገግ አሉ። «እኛስ ለገና የምንጫወተው ይሄንኑ አይደል? እናንተ ሳትሯሯጡ ነው እንጂ።» ከዚያ ወደ ቆላው ተመለከቱ። «ጉም ከመጣ ያላችሁበት ቁጭ በሉ። እዚህ አገር በጉም ሰው በስሙ አይጠራም። ቢጠሯችሁም አቤት አትበሉ።»

እኛ የከተማ ልጆች ሳቅን።

አራተኛው ጉድጓድ ጋ ግርማ ኳሷን አጣሞ መታት፤ ወደ ገደሉ በኩል ሄደች፤ ሊፈልጋት ተከተላት። ብዙም ሳይቆይ ጉሙ ከሥር ተነሥቶ ሜዳውን ዋጠው። ጅብራዎቹ ቆመው የሚጠብቁን ሰዎች መሰሉኝ። ፈራሁ። «ግርማ! ግርማ!» ብዬ ጮህኩ። ገደሉ ከወዲያ በኩል ስሙን በእኔው ድምፅ መለሰው።

ጋሽ ደምሴ እየሮጡ መጥተው አፌን በእጃቸው ያዙ። «ዝም በል ልጄ። ወደ ገደሉ እኮ ነው የምትጠራው።»

ሁላችንም ተቀመጥን። እሳቸው በሹክሹክታ «አቡነ ዘበሰማያት» ይደግማሉ። ጓደኛዬን በገዛ አፌ የገደልኩት መሰለኝ። ከዚያ በኋላ ማንም ቃል አልተነፈሰም።

ጉሙ ሲገለጥ ግርማን ከአፋፉ አምስት እርምጃ ላይ ዱላውን አቅፎ ተቀምጦ አገኘነው።

«ስትጠራኝ ወደ ድምፅህ መጣሁ» አለኝ። «ኋላ ምን እንደታየኝ እንጃ፣ ኪሴ ውስጥ የቀረችውን ኳስ መሬት አስቀምጬ ወደ ድምፅህ መታኋት። ስታርፍ አልሰማሁም። እዚያው ቁጭ አልኩ።»

«ደግ አደረግህ። እኛም ወዲያው ዝም አልን።»

«የምን ዝም? አሁን እስክትደርሱ ድረስ ስትጠራኝ አልነበር እንዴ? ‹ና፣ እዚህ ነኝ፣ ና› እያልክ።»

እኔ «ና» አላልኩም። ጋሽ ደምሴን አየኋቸው። አማተቡና፣ «እንግዲህ እሳት ዳር እንሂድ» ብቻ አሉ።

የፈራ ሰው ጆሮ ብዙ ይሰማል እያልኩ ራሴን ሳሳምን ኖሬያለሁ። በቀን በቀን ይሳካልኛል።

ቅዳሜ ዕለት ልጄን ጠብቀኝ ብዬ ሮጥ ብዬ ደረስኩበትና ትከሻውን ነካሁት። ሲዞር ፊቱ አመድ መስሏል። እጄን ያዘ፣ ሙቀቱን እንደሚለካ ጨበጥ አደረገው።

«አንተ ነህ?» አለ።

«እኔ ነኝ» አልኩት። እጄን ግን ቶሎ አልለቀቀውም።