የጠቋሚው ቀኝ ክንድ

አባ ዝምታ ያሉት የሥራ ባልደረቦቹ ናቸው። ዝምተኛ ሆኖ እንዳይመስላችሁ፤ ቤቱ ከገባ አፉ ሥራ አይፈታም። ሕንፃው ላይ ግን አንድ ቃል ሳይወጣው ቀኑን ሙሉ በእጁ ሲያወራ ይውላል። ሥራው ለክሬን መጠቆም ነው። የክሬኑ ነጂ እላይ፣ በተንጠለጠለች የመስታወት ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ከግድግዳው ጀርባ ያለውን አያይም፤ የሚያየው ጠቋሚውን ነው። አንሳ ካለው ያነሳል፣ ዙር ካለው ይዞራል። ሬዲዮም ተሰጥቷቸው ነበር፤ የብረት መፍጫውና የመዶሻው ጩኸት ሬዲዮውን ዋጠውና ወደ እጃቸው ተመለሱ።

ታዲያ በዚህ የእጅ ቋንቋ ውስጥ ሁለት ዘመዳሞች አሉ። ቀኝ ክንድን ወደ ጎን ዘርግቶ፣ መዳፍን ወደ መሬት አድርጎ ድርቅ ማለት «ቁም» ነው። ያንኑ ክንድ እንደዘረጉ መዳፍን ወደ ታች ማርገብገብ ደግሞ «በዝግታ አውርድ» ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የእጅ መርጋት ብቻ ነው። አባ ዝምታ በዚህ ሥራ ላይ ሲያረጅ ስለ ልዩነቱ አስቦ አያውቅም፤ ለምን ያስባል? እጁ ቁም ካለ ቁም ነበር።

ባለፈው ክረምት ቀኝ እጁ መንቀጥቀጥ ጀመረ። መጀመሪያ ብርድ ነው አለ። ብርዱ ሲያልፍ ድካም ነው አለ። አንድ እሁድ ሙሉ ተኝቶ ዋለና ሲነሳ እጁ ከእሱ ቀድሞ ነቅቶ ይንቀጠቀጥ ነበር። ፍርሃት የገባው ያን ጊዜ ነው። ለማን ይናገር? ለፎርማኑ ቢናገር በማግስቱ በር ጠባቂ ያደርገዋል። ለሚስቱ ቢናገር ታለቅሳለች። ሆድ ይፍጀው ብሎ ተወው። ሚስቱ ግን የሻይ ብርጭቆውን እስከ ግማሽ ብቻ ትቀዳለት ጀመር። እሱ ግማሿን ብርጭቆ አየ፣ እሷም ማየቱን አየች፣ ከዚያ ሁለቱም ስለ ጎረቤት ውሻ አወሩ። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም ሲባል ሁለቱም ሰምተዋል፤ ተረቱ ለሌላ ሰው ሲሆን ይቀላል።

ወፌ የሚሉት ነባሩ የክሬን ነጂም ሳያውቅ አልቀረም። ወፌ ከብዙ ዘመን አብሮነት የተነሳ የአባ ዝምታን እጅ ብቻ አልነበረም የሚያየው፤ የእግሩን አቋቋም፣ ትከሻውን፣ አገጩን ጭምር ነበር። አገጩ ቀና ካለ፣ እጁ ምንም ቢል ወፌ ያቆማል። እጁ ሲዋሽ ቀሪው ሰውነቱ እውነቱን ይናገርለት ነበር ማለት ነው። ያዘናጋውም ይኸው ነው።

እንቅልፍ የነሳው ግን ሌላ ነው። ከታች ብረት ከሚያስሩት ፌራዮዎች አንዱ የሴት ልጁ ባል ነበር። ሥራ ያስገባው አባ ዝምታ ራሱ ነው። ልጁ ነፍሰ ጡር ናት፤ ልትጠይቃቸው በመጣች ቁጥር የምትለው አንድ ነው። «አባዬ፣ አደራህን። እኔ እንቅልፍ የሚወስደኝ አንተ እዚያ ስላለህ ነው።» እሱም «ምን ይሆናል ብለሽ ነው» ይልና እጁን ከጠረጴዛው ሥር ይከተዋል።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። አንድ ሰኞ ወፌ ወገቡን ታሞ ቀረና በምትኩ ወጣት መጣ፤ የሥራ ልብሱ የእጥፋቱን መስመር ገና ያልለቀቀ። ሰላም ሊል እጁን ዘረጋ። አባ ዝምታ «እጄ ሲሚንቶ ነው» ብሎ ክርኑን ሰጠው።

«አባቴ፣ እኔ የማውቀው የተማርኩትን ምልክት ብቻ ነው» አለ ወጣቱ። «እናንተ በልማድ የምትግባቡበት ነገር ካለ ከአሁኑ ይንገሩኝ።»

ከዚህ የተሻለ አጋጣሚ ከየት ይመጣል? እጄ ይንቀጠቀጣል፣ አገጬን እይ ማለት ብቻ ነው።

«የለም» አለ። «ያው የታወቀው ነው።»

እስከ ረፋድ ድረስ ሰላም ነበር። ክንዱን እየወጠረ፣ ላብ እያጠመቀው፣ ጭነቱን አንድ በአንድ አስወረደ። ከዚያ አንድ ትልቅ የኮንክሪት ሰሌዳ መጣ። ከሰው ቁመት ጥቂት ከፍ ብሎ ሳለ «ቁም» አለ፤ ቆመ። ሰሌዳው የሚያርፍበት ጣውላ ተጣሞ ነበርና አማቹ ሊያቃናው ጎንበስ ብሎ ከሥሩ ገባ። መግባት አልነበረበትም፤ ግን የሚስቱ አባት እየጠቆመ ማን ይሰጋል?

ክንዱ እንደተዘረጋ ነው። እሱ ቁም እያለ ነው። መዳፉ ግን መርገብገብ ጀመረ።

ሰሌዳው ስንዝር ወረደ።

አባ ዝምታ ጣቶቹን ገተረ፤ በገተራቸው መጠን ባሰባቸው። ሰሌዳው ሌላ ስንዝር ወረደ። ከላይ ያለው ልጅ ምንም አላጠፋም፤ በዝግታ አውርድ ተብሏል፣ በዝግታ እያወረደ ነው። አባ ዝምታ ጮኸ፤ መፍጫው ድምፁን በላው። አማቹ ጀርባውን ሰጥቶ ጣውላው ላይ አቀርቅሯል። አባ ዝምታ አገጩን ቀና አደረገ፤ ያ አገጭ ለወፌ እንጂ ለዚህ ልጅ ምኑም አይደለም። ግራ እጁን ሊያነሳ ሲል እሱም በድንጋጤ ይንዘፈዘፋል። ክንዱን ቢያጥፈው ሌላ ትእዛዝ እንዳይመስል ፈራ። በዚያች ቅጽበት ትዝ ያለው ማንኛውም የክሬን ነጂ ገና በመጀመሪያው ቀን የሚማረው ነገር ነው፤ ጠቋሚው ከዓይንህ ከጠፋ፣ ምንም ይሁን ምን፣ አቁም። ዘሎ ከግድግዳው ጀርባ ተሸጎጠ።

ተንበርክኮ ፊቱን ግድግዳው ላይ ለጠፈ። እዚያ ሆኖ ሰሌዳውንም አማቹንም አያይም። ቆሟል? ወጥቶ እንዳያረጋግጥ ነጂው ያየዋል። ስለዚህ ዓይኑን ጨፍኖ የሰው ጩኸት ይጠብቅ ጀመር።

የመጣው ግን የእግር ኮቴ ነው። አማቹ አቧራውን እያራገፈ ብቅ አለ።

«አባባ፣ ምነው ጥለውን ጠፉ? ሽንት አስቸኩሎዎት ነው?» እየሳቀ ነበር።

አባ ዝምታ ብድግ ብሎ ክንዱን ዘረጋ፤ ቁም። መዳፉ ረገብ፣ ረገብ አለ። በዚያ ሕንፃ ላይ ይህን ምልክት የማያውቅ ሠራተኛ የለም። አማቹ መዳፉን አየ። ዞሮ ሰሌዳውን አየ። ሲገባ ከራሱ በላይ የነበረው ሰሌዳ አሁን ደረቱ ትክክል ተንጠልጥሏል። ሳቁ ፊቱ ላይ ደረቀ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከክረምት።»

«ከክረምት!» አማቹ ወደ ኋላ ሸሸት አለ። «እኔ እኮ ከክረምት ጀምሮ እዚህ ሥር ነኝ። ልጅዎ ታውቃለች?»

«አታውቅም።»

«እንግዲያው ዛሬውኑ ራስዎ ይነግሯታል። እኔ አልነግርልዎትም።»

ፎርማኑ መጥቶ እጁን አየ። የጠቋሚነቱን ብርቱካናማ ሰደርያ ተቀብሎ ለሌላ ሰው አለበሰና እሱንና አማቹን ወደ ቤት ሰደዳቸው።

ወደ ሴት ልጁ ቤት በእግር ሄዱ። ሌላ ቀን ቢሆን ጎን ለጎን ነበር የሚሄዱት፤ ዛሬ አማቹ ፊት ፊት ይሄዳል። አባ ዝምታ ከግድግዳው ጀርባ እንኳ እንዲህ አልፈራም። በመንገዱ ሁሉ የሚላትን ሲያዘጋጅ ሄደ፤ ሐኪም ቤት እሄዳለሁ፣ ደኅና እሆናለሁ፣ አይዞሽ።

ልጁ ደጅ ልብስ እያሰጣች ነበር። ያለ ሰዓታቸው ሲመጡ ስታይ እጇ ገመዱ ላይ ቀረ። መጀመሪያ ባሏን ከእግር እስከ ራሱ አየችው፤ ጤነኛ ነው። ከዚያ አባቷን አየች።

«ማን ተጎዳ?»

«ማንም» አለ አባቷ። «ማንም አልተጎዳም። ግን... እጄ ይንቀጠቀጣል። ነጂውን ቁም ስለው አውርድ ያልኩት መሰለው። ባልሽ ከሥር ነበር።» ያዘጋጀው ሁሉ ጠፋበት። «ከጀመረኝ ቆይቷል። ደብቄያችሁ ነው።»

የምታለቅስ መስሎት ነበር፤ አላለቀሰችም። የምትቆጣው መስሎት ነበር፤ አልተቆጣችም። እርጥቡን ሸሚዝ ሆዷ ላይ እንደያዘች ወደ ባሏ ተጠጋች፤ በእሱና በአባቷ መካከል ገብታ ቆመች።