የህንድ ቤት በሚዛን ተፈሪ

በደርግ ጊዜ፣ ሚዛን ተፈሪ የእርሻ ማሠልጠኛ ተማሪ ሳለሁ፣ በከተማው ስሙ የገነነው ምግብ ቤት የህንድ ቤት ነበር። ህንድ ግን አልነበረበትም። ባለቤቱ ከሰሜን መጥተው እዚያው የቀሩ፣ ድምፃቸው ወፍራም የሆነ ጎልማሳ ነበሩ፤ ሁላችንም ጋሼ እንላቸዋለን። “ጅማ አንድ ህንድ ነጋዴ ቤት ወጥ ሠሪ ነበርኩ” ይሉናል። ሚስታቸው ደግሞ እሳቸው ወጣ ሲሉ ጠብቀው “ዘበኛ ነበር” ይሉናል።

የህንድ ወጥ የሚባለው ጎደሬ ነው። ተቀቅሎ ይደፈጠጥና በእርድ ቢጫ እስኪሆን ይታሻል፤ ሚጥሚጣና ኮረሪማ ይነሰነስበታል፤ በመጨረሻ ማር ጠብ ይደረግበትና በእንጀራ ይበላል። እርዱ ከቴፒ በጆንያ ስለሚመጣላቸው ጋሼ አይሰስቱም። የበላ ሰው ጣቱን ቢያጥብ ቢያጥብ ቢጫው አይለቀውም። የማሠልጠኛው ዲሬክተር ጠዋት ሰልፍ ላይ “እጅ ወደ ላይ!” ይሉና ያለ ፈቃድ ከግቢ የወጣውን በጣቱ ለይተው ያወጡታል። የራሳቸውን እጅ ግን ከኪሳቸው አያወጡም ነበር።

አንድ ዓመት ከህንድ የሒሳብ መምህር መጡልን። ቀጭን፣ በዝናብም በፀሐይም ጃንጥላ የማይለያቸው፣ ሥጋ የማይቀምሱ ሰው ነበሩ። ሙዝና ዳቦ ብቻ እየበሉ ሲከሱ አይተን አዘንን።

“መምህር፣ የአገርዎ ምግብ እኮ እዚህ አለ” ስንላቸው ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

ቅዳሜ ምሳ ሰዓት ላይ እኔና አንድ የክፍል ጓደኛዬ ይዘናቸው ሄድን። ጋሼ እውነተኛ ህንድ በራቸው ላይ ቆሞ ሲያዩ መጀመሪያ ክው አሉ። ወዲያው ግን ራሳቸውን ሰብስበው ሰሃኑን ጢም አድርገው አቀረቡ። መምህሩ አሸተቱ፤ ቀመሱ፤ ደግመው ቀመሱ። ቤቱን የሞላው ሰው መጉረሱን ትቶ አፍ አፋቸውን ያያል።

“ይሄ ምንድን ነው?” አሉኝ በዚያች በምትሰባበር አማርኛቸው።

“የህንድ ወጥ ነው።”

“የት ህንድ?”

ጋሼ ሰምተው ኖሮ ብድግ አሉ። “ከየትኛው ክፍል ነው የመጡት? ጠይቅልኝ።”

“ከደቡብ” አሉ መምህሩ።

“በቃ! ነገሩ ይኸው ነው። የኔ የሰሜን ነው።”

“ሰሜንም ኖሬያለሁ። ሰሜን ይሄ የለም።”

“የድሮ ሰሜን ነው!” አሉ ጋሼ።

ጥግ ላይ ሲበሉ የነበሩት የቀበሌው ሊቀ መንበር በቢጫ ጣታቸው ጠረጴዛውን ደበደቡ። “ጓዶች፣ ይህ በንትርክ አይፈታም። መምህሩም ይሥሩ። ሕዝቡ ይቅመስ፤ ሕዝቡ ይፍረድ።”

በማግስቱ እሑድ መምህሩ ከነክራቫታቸው ጓዳ ገቡ። ምስር ክክ በቲማቲምና በቃሪያ ቀቀሉ፤ ሎሚ ጨመቁበት። የሰናፍጭ ፍሬ የጋለ ዘይት ውስጥ በትነው ሲንጣጣ ጋሼ “ቤቴን ሊያነዱት ነው!” ብለው ውሃ ይዘው ሮጡ። ሽታው መንገድ ድረስ ወጥቶ አላፊ አግዳሚውን ሁሉ ጠራው። እውነት ለመናገር፣ እስከዚያ ቀን ድረስ እንዲህ ያለ የሚጣፍጥ ነገር በልቼ አላውቅም ነበር።

ሊቀ መንበሩ ሰሃናቸውን በእንጀራ ጠርገው ቆሙ። “ምግቡ ግሩም ነው፤ ይህን የሚክድ የለም። ጥያቄው የህንድ ነው ወይ ነው።”

“አይደለም!” አለ ቤቱ በአንድ ድምፅ።

እኔም አይደለም ብያለሁ። የህንድ ምግብ ቢጫ እንደሆነ እያወቅሁ እንዴት በአንድ ምሳ እክዳለሁ? አንድ ባለሱቅ የመምህሩን ትከሻ መታ መታ አድርጎ፣ “አይዞዎት፣ ጋሼ ዘንድ ትንሽ ቢለማመዱ ይይዙታል” አላቸው።

መምህሩ ወደ እኔ ዞሩ። “እኔ ህንድ ነኝ አይደል?”

“እርስዎማ ነዎት፣ መምህር። ወጡ ነው እንጂ።”

ጋሼ ቢያሸንፉም ደስ አላላቸውም። ሚስታቸው እንደነገሩን፣ ሰው ከሄደ በኋላ የመምህሩን ድስት ቂጥ በጣታቸው ሲጠርጉ ነበር። ሰንበት ብለው አንድ ዘለላ ሙዝ ይዘው መምህሩ ቤት ሄዱና “ያችን የምስር ሾርባ አሠራሯን ያሳዩኝ” ብለው ለመኑ። መምህሩም አስተማሪ ናቸውና ቂም ሳይዙ አሳዩዋቸው።

የቸገረው ስሙ ነበር። የህንድ እንዳይሏት ሕዝብ ፈርዶባታል። ጋሼ ሲያወጡ ሲያወርዱ ከረሙና “የሞስኮ ሾርባ” አሏት። በዚያን ጊዜ ከሞስኮ የመጣን ነገር አልወድም የሚል ማን ይገኛል? ለአጭር ሥልጠና ሞስኮ ደርሰው የመጡት ሊቀ መንበር አንዴ ፉት ብለው ዓይናቸውን ጨፈኑ። “ልክ እንደዚያው! ቅዝቃዜው ብቻ ነው የቀረው።”

መምህሩ ከዚያ ወዲያ ሙዝና ዳቦውን ተዉ። በየቀኑ ምሳ ሰዓት ይመጡና “አንድ ሞስኮ” ብለው ያዛሉ። አንድ ቀን አጠገባቸው ተቀምጬ፣ “መምህር፣ ትንሽ አይቆጭዎትም?” አልኳቸው።

“ዝም ብለህ ብላ” አሉኝ ሎሚ እየጨመቁ። “ያልቃል።”

እውነትም ቶሎ ነበር የምታልቀው። ዘግይቶ ለመጣ ሰው የሚተርፈው የህንድ ወጥ ብቻ ነበር።