የመጀመሪያው አክፋያችን

ትናንት ልጄ ከባሕር ዳር ደውላ ለፋሲካ እንደማይመጡ ነገረችኝ። ምነው ስላት ተንተባተበች፤ በኋላ ግን «እማየ፣ በግ እሳት ሆኗል። እሱ ደግሞ ባዶ እጄን አማቶቼ ቤት አልገባም አለ» አለች። በባሏ አልፈረድኩም። የእኔውም እንዲሁ ነበር።

ስንጋባ ባለቤቴ ፍኖተ ሰላም የተመደበ አዲስ መምህር ነበር። በአገራችን ለፋሲካ ለወላጅና ለአማት የሚወሰደውን ስጦታ አክፋይ እንለዋለን፤ ከአዲስ ሙሽራ የሚጠበቀው አክፋይ ደግሞ ሙክት ነው። የእሱ ደመወዝ ሙክቱ ቀርቶ ቀንዱንም አይገዛም። ስለዚህ አንሄድም አለ። እኔ እናቴ ናፍቃኝ በሆነ ባልሆነው አለቅስ ነበር።

ወሬው እናቴ ጆሮ ደረሰ። አባቴን «ሙክታችንን ልሽጠው» ብላ ነድታ ወጣችና፣ ኑ ብላ ልካብን በበዓሉ ዋዜማ ጅጋ ገበያ ጠበቀችን። ገመዱን ለባለቤቴ አስጨብጣ «በል ይዘህ ግባ። እኔ አላየሁም፣ አልሰማሁም» አለችውና በአቋራጭ ቀድማን ሄደች።

ዝናብ ጣል አድርጎ ስለነበር መንገዱ እርጥብ አፈር ይሸታል። ባለቤቴ ደረቱን ነፍቶ በጉን ይስባል። እኔም ደስ ብሎኛል።

የአባቴ ግቢ ብቅ ሲል ግን በጉ ገመዱን መንጭቆ ሮጠ። በተሰበሰበው ጎረቤት መሃል አልፎ ቀጥ ብሎ ጋጣው ገባ። አንዲት ጎረቤታችን «ውይ! ይኼ እኮ የእናንተው…» ብላ አፏን ያዘች። ባለቤቴ በሩ ላይ ደርቆ ቀረ። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

አባቴ ተነሣ። በጉን አየ፣ እናቴን አየ፣ ከዚያ ባለቤቴን።

«ደግ ሰው የነዳው በግ እንዲህ ነው» አለ ጮክ ብሎ፤ «በገባበት ቅጽበት ቤት ይለምዳል። ግባ እንጂ ልጄ፣ ምን በር ላይ ያቆምሃል!»

በማግሥቱ አባቴ የመጀመሪያውን ጉርሻ ለባለቤቴ አጎረሰውና «በግህን ቅመስ» አለው። ባለቤቴ እንባውን ከጉርሻው ጋር ዋጠ። ከዚያ ወዲህ ድፎ ዳቦ ብቻ ይዘን፣ ቀደም ብለን እንሄድ ነበር። እሱ የበዓሉን እንጨት ይፈልጣል፤ አባቴ አጠገቡ ተቀምጦ ያወጋዋል። አባቴ ያን እንጨት «አማቼ የፈለጠው» እያለ ለመጣ ለሄደው ሁሉ ያሳይ ነበር።

የበጉን ነገር ግን ለልጆቻችን እንዳላወራ ባለቤቴ አስምሎኛል። እኔም አፌን ይዤ ኖርኩ።

ትናንት ልጃችን ያለችውን ነገርኩት። በግ ጠፍቶ ሳይሆን በእፍረት ብቻ ስንት ዘመድ ሳይገናኝ በዓሉን እንደሚያሳልፍ አሰብኩ። እሱም «እስቲ ደውይልኝ» አለኝ። አማቻችን ሲያነሣ ስልኩን ከእጄ ወሰደ።

«ስማ ልጄ» አለው፤ «እኔ ለሚስቴ አባት አክፋይ ብዬ የነዳሁት በግ፣ የገዛ ራሱ በግ ነበር።»